የማያመው እግር

ሕመምን ጠላት አድርጎ ማየት ቀላል ነው። ሌሊቱን ሙሉ ጥርሱ ሲጠዘጥዘው ያደረን ሰው «ሕመም ይጠቅምሃል» ቢሉት ጆሮ አይሰጥም፤ እውነቱን ነው። እኔ ግን የአክስቴ እግር ከተቃጠለ ወዲህ አብልጬ የምፈራው መታመም ሲገባው ዝም የሚለውን ነው። ይህን የምጽፈውም በሰሜን ሸዋ ደጋ ስኳር ያለባቸው፣ ማታ ማታ እግራቸውን ወደ ምድጃ የሚዘረጉ ብዙ እናቶችና አባቶች ስላሉን ነው።

አክስቴ የመንዝ ሰው ናት። ከመሃል ሜዳ ወጣ ብሎ፣ ዛፍ እምብዛም በማይታይበት አገር ትኖራለች። እዚያ ዋናው ማገዶ ኩበት ነው። ኩበት እንደ እንጨት አይንቦገቦግም፤ ውስጥ ውስጡን እየጋመ ይቆያል፣ ነበልባሉ ከጠፋ በኋላም ረመጡ እንዳለ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውርጩ ሣሩን ነጭ ሲያለብሰው የቤቱ ሰው ሁሉ ምድጃውን ከቦ ያመሻል። አክስቴ ባናዋን ደርባ፣ እንዝርቷን ይዛ፣ የበግ ፀጉር እየፈተለች ከልጆቹ ጋር ትጫወታለች።

ስኳር እንዳለባት ከታወቀ ዓመታት አልፈዋል። ክኒኗን ትውጣለች፣ ቀጠሮዋን አታጓድልም። በየቀጠሮዋ ደሟን ይለኳታል፣ ግፊቷን ይለኳታል። «ጫማዎን ያውልቁ» ያላት ግን አልነበረም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አንድ ማታ የልጅ ልጇ አፍንጫውን ነፋ አድርጎ «እማማ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?» አላት። የተቃጠለ ፀጉር የመሰለ ሽታ ነው። ከምትፈትለው ሱፍ ፍም ላይ የወደቀ መስሏት ጭኗ ላይ ያለውን አገላብጣ አየች። ሱፉ ደህና ነው። የተቃጠለው የግራ እግሯ ትንሿ ጣትና ከሥሯ ያለው የእግሯ ጠርዝ ነበር። ከምድጃው የተንከባለለ ፍም ላይ እግሯን አሳርፋ ጨዋታዋን ቀጥላለች። ቆዳው ተልጦ ሥጋው ይታያል። ልጆቹ ሲጮኹ እሷ ናት ያጽናናቻቸው፦ «አይዟችሁ፣ ምንም አላመመኝም እኮ!» የአክስቴ ልጅ ስልክ ደውሎ ይህን ሲነግረኝ ከቁስሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ ማጽናኛዋ ነው። የልጁ አፍንጫ ከእሷ ከራሷ እግር ቀድሞ ነው እሳቱን ያወቀው።

ጤነኛ እግር ላይ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ባለቀ ነበር። ቆዳችን ውስጥ ጫፋቸው እንደ ሥር የተበተነ ቀጫጭን ነርቮች አሉ። በእነዚህ ጫፎች ላይ በሙቀት የሚከፈቱ ጥቃቅን በሮች ተሰክተዋል። በጣም የታወቀው በር ሙቀቱ ወደ 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ይከፈታል፤ ቆዳ መጎዳት የሚጀምረውም ከዚያው አካባቢ ነው። በሩ ሲከፈት ከውጭ የካልሲየምና የሶዲየም ቅንጣቶች ወደ ነርቩ ይገባሉ፣ የኤሌክትሪክ ምት ይነሣል፣ ምቱም በነርቩ ላይ ሽቅብ ይነጉዳል።

ይህን በር ያገኙት ተመራማሪው ዴቪድ ጁሊየስና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሲሆን ያገኙትም ቃሪያንና ሚጥሚጣን የሚያቃጥል የሚያደርገውን ንጥረ ነገር ይዘው ነው። ሚጥሚጣ ምላሳችንን አያግለውም፤ ቴርሞሜትር ብናስገባ ምንም ለውጥ አናይም። የሚያደርገው ያንኑ የእሳት በር ያለ እሳት መክፈት ነው። ነርቩ ደግሞ አንዴ በሩ ከተከፈተ የከፈተው ፍም ይሁን በርበሬ የሚለይበት መንገድ የለውም። ወፎች ተመሳሳይ በር አላቸው፤ ለበርበሬ ግን አይከፈትም። ስለዚህም ምንጃር ሜዳ ላይ ወፍ የተሰጣ በርበሬ ስትለቅም ብታዩ አይግረማችሁ። በጾም ወራት አፍንጫችንን ሰንጥቆ የሚወጣው ሰናፍጭ ሌላ በር አለው፤ የዚያ ቅመም ኃይል በትነት መልክ ስለሚወጣ ከምላስ አልፎ አፍንጫን ይይዛል። ጁሊየስ ለዚህ ሥራቸው፣ አርደም ፓታፑቲያን ደግሞ የመዳሰስን በር በማግኘታቸው፣ በ2021 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

ምቱ ከተነሣ በኋላ ያለው ጉዞ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ነርቭ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚናገረው። እያንዳንዱ ምት ከሌላው ጋር እኩል ነው፣ ከሰከንድ አንድ ሺኛ ገደማ ቆይቶ ያልፋል። ለስላሳ ንክኪም ሆነ ፍም ምቱን አያሳድገውም፤ የሚለወጠው ምቶቹ የሚከታተሉበት ፍጥነት ነው። ኤድጋር አድሪያን የተባሉ እንግሊዛዊ ይህን በ1920ዎቹ አሳይተው በ1932 ከቻርልስ ሸሪንግተን ጋር ኖቤል ተሸልመዋል። ብርሃን ብርሃን፣ ድምፅ ድምፅ፣ ቃጠሎም ቃጠሎ የሚሆነው ምቱ ተሸክሞት በሚመጣው ነገር ሳይሆን በየትኛው ነርቭ መጥቶ አንጎል ውስጥ የት እንደደረሰ ነው።

የጉዞው ፍጥነትም አንድ አይደለም። ከመንዝ ጥርብ ድንጋይ ጋር የእግር ጣቱን ያጋጨ ሰው ይህን በሰውነቱ ያውቀዋል። መጀመሪያ ሹል፣ ጥርት ያለ ሕመም ውልብ ይላል። ከዚያ አንዲት አፍታ ታልፋለች፤ «አሁን ሊመጣ ነው» ብለን ትንፋሻችንን የምንይዝባት አፍታ። ቀጥሎ ሁለተኛው፣ የሚጠዘጥዘው፣ የሚቆየው ሕመም ይደርሳል። ሁለቱን የሚያመጧቸው የተለያዩ ነርቮች ናቸው። የመጀመሪያው ስስ ልባስ ስላለው በሰከንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ይሄዳል። ሁለተኛው ልባስ የሌለው፣ ውፍረቱ የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ገደማ የሆነ ክር ነው፤ በሰከንድ አንድ ሜትር ያህል ብቻ ይጓዛል፣ ማለትም በሰው እርምጃ። ከጣት እስከ ጀርባ ለመድረስ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። እስከ 19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ የነርቭ ፍጥነት ሊለካ አይችልም ተብሎ ይታሰብ ነበር። በ1850 ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በእንቁራሪት እግር ነርቭ ላይ ሲለኩት በሰከንድ ወደ 30 ሜትር ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ሊቃውንቱ ከጠበቁት እጅግ የዘገየ።

እንግዲህ ሰውነት ይህን መዘግየት ጠብቆ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም ጣት አልባ በሆንን ነበር። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ጉዳይ አንጎል አይጠየቅም። መልእክቱ ኅብለ ሰረሰር ውስጥ እንደገባ እዚያው ትእዛዝ ይሰጣል፣ ጡንቻው ይሸመቀቃል፣ እግር ይነሣል። በዚያው ቅጽበት የሌላኛው እግር ጡንቻዎች ጠንከር ብለው እንዳንወድቅ ያቆሙናል። «ወይኔ!» የምንለው እግራችን ከፍሙ ከራቀ በኋላ ነው።

አክስቴ ቤት ይህ ሁሉ የቆመው ከመነሻው ነው። በሩ የተሰካበት የነርቭ ጫፍ ራሱ የለም፤ ደርቆ ወደ ኋላ ተሰብስቧል። ለምን እግር ላይ? እንዝርት የሚያሾሩት ጣቶቿ እኮ እንደ ወትሮው ናቸው። አጠገቧ ተቀምጬ አይቻታለሁ፦ ዓይኗ ከሰው ጋር እያወራ፣ በአውራና በአመልካች ጣቷ መካከል የሚያልፈው ክር ላይ ቅንጣት ታህል ጓል ስትመጣ ጣቷ ቆም ይላል፣ ይፈታታታል፣ ይቀጥላል። የጣት ጫፍ በ2 ወይም በ3 ሚሊሜትር የተራራቁ ሁለት ነጥቦችን ለይቶ ያውቃል፤ ጀርባችን ላይ ግን 4 ሴንቲሜትር ያህል ካልተራራቁ ሁለቱ እንደ አንድ ነው የሚሰሙን። በደም ሥሯ የሚዞረው ስኳር ለእጇም ለእግሯም አንድ ነው። ታዲያ እጇ እንዲህ እየነቃ እግሯ ለምን ሞተ?

መልሱ ርዝመት ነው። ከእግር ጣት የሚነሣው ነርቭ አንድ ወጥ ሕዋስ ነው። እምብርቱ ከወገብ አከርካሪ አጠገብ ተቀምጦ ክሩ ብቻ አንድ ሜትር ያህል ወርዶ ጣት ይደርሳል። ጫፉ የሚያስፈልገው ፕሮቲን የሚሠራው እላይ፣ እምብርቱ ዘንድ ነው። ያም በክሩ ውስጥ እየተጓጓዘ ይወርዳል፤ ፈጣኑ ጭነት እንኳ በቀን 40 ሴንቲሜትር ያህል ስለሚሄድ ጣት እስኪደርስ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጅበታል፣ ዘገምተኛው ደግሞ ወራት። መንገድ ሲበላሽ ቀድሞ ጨው የሚጠፋው የመንገዱ መጨረሻ ላይ ካለው መንደር ሱቅ ነው። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ነርቩን ራሱን ያውካል፣ ነርቩን የሚመግቡትንም ጥቃቅን የደም ሥሮች ያጠባል። ረጅሙ ክር ከጫፉ መድረቅ ይጀምራል፣ ከዚያ ሽቅብ ይመጣል። ድንዛዜው ወደ ጉልበት ሲጠጋ ሳይደርቅ የቀረው ርዝመት ከእጅ ነርቭ ርዝመት ጋር ይስተካከላል፤ ያን ጊዜ የእጅ ጣቶችም ይጀምራቸዋል። ሐኪሞች ካልሲና ጓንት የሚመስል ድንዛዜ የሚሉት ይህንን ነው። ስኳር ካለባቸው ሰዎች እስከ ግማሽ የሚደርሱት ከጊዜ ብዛት የዚህ ዓይነት የነርቭ ጉዳት ያገኛቸዋል።

የብርድ ድንዛዜ ከዚህ ይለያል። ማለዳ በግ ይዞ የወጣ ልጅ ጣቱ ደንዝዞ ቁልፉን መቆለፍ ሲያቅተው ነርቩ ጤነኛ ነው፤ ፈጣን ነርቭ በቀዘቀዘ ቁጥር ፍጥነቱ በእያንዳንዱ ዲግሪ በሰከንድ 2 ሜትር ያህል ይቀንሳል፣ ሲሞቅ ይመለሳል። ችግሩ ደጋ ላይ ያደገ ሰው የእግር መደንዘዝን ሁልጊዜ በብርድ ማሳበቡ ነው። አክስቴም ለረጅም ጊዜ «ብርዱ ነው» ስትል ነበር።

ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። አክስቴ ያ ፍም ያልተሰማት እግር ሌሊት ሌሊት ይለበልባታል። «እሳት ላይ የቆምኩ ይመስለኛል» ትላለች፣ ብርድ ልብሱን ከእግሯ ላይ ትገፋለች። የሚሰማ ነገር ከሌለው እግር እንዴት ሕመም ይመጣል? እየሞቱ ያሉና የተጎዱ ነርቮች ማንም ሳይነካቸው ከራሳቸው ምት ይለቃሉ፤ አንጎል ደግሞ ከዚያ ነርቭ የሚመጣን ምት የሚተረጉመው ቃጠሎ ብሎ ነው። ስለዚህ አንድ እግር በአንድ ጊዜ ሐሰተኛውን እሳት እየጮኸ ይናገራል፣ እውነተኛውን እሳት ግን አያውቅም። ለዚህ ሕመም የሚሆኑ መድኃኒቶች አሉ። ከእነሱ አንዱ 8 በመቶ የበርበሬውን ንጥረ ነገር የያዘ፣ ሐኪም ቆዳ ላይ የሚለጥፈው ነው፤ ነርቩን አብዝቶ በመቀስቀስ ለወራት ያደክመዋል። ይህን ያነበበ ሰው ግን እባካችሁ፣ የቤት በርበሬ በጥብጦ እግር ላይ እንዳይቀባ። የማይሰማ ቆዳ መቃጠሉንም አይናገርም።

ስሜት ሲጠፋ የሚሄደው ሕመም ብቻ አይደለም። ጡንቻና መገጣጠሚያ ውስጥ እግራችን የት እንዳለ ሳናይ የሚነግሩን ነርቮች አሉ። እነሱም ሲጎዱ ሰው በዓይኑ ነው የሚቆመው። ቀን ደህና ይሄዳል፤ ሲጨልም ይንገዳገዳል። ፊቱን ሊታጠብ ዓይኑን ሲጨፍን ይወዛወዛል። ሌሊት ለኪዳን የሚነሡ አዛውንት በድንጋያማ መንገድ ላይ ደጋግመው ከወደቁ ነገሩን በእርጅና ከማሳበብ በፊት እግራቸውን ማስመርመር ይገባል።

የማያም እግርን ክፋት ዓለም በደንብ የተማረው ከሥጋ ደዌ ነው። ሰሜን ሸዋ ይህን በሽታ ያውቀዋል፤ ደብረ ሊባኖስ ለዘመናት ሕሙማኑ ለጸበል የሚሰበሰቡበት ስፍራ ነበር። ኖርዌያዊው አርማወር ሃንሰን ተዋስያኑን ያገኙት በ1873 ነው። ተዋስያኑ ከሰውነት ውስጣዊ ሙቀት ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይወዳል፣ ስለዚህም ቆዳን፣ እጅን፣ እግርንና አፍንጫን ይይዛል፤ እዚያም ነርቭን የሚያለብሱትን ሕዋሳት ይወርራል። ሰዎች ለረጅም ዘመን በሽታው ጣትን ራሱ የሚበላ ይመስላቸው ነበር። ፖል ብራንድ የተባሉ ሐኪም በ1940ዎቹ መጨረሻ ደቡብ ሕንድ፣ ቬሎር ውስጥ የሕሙማንን እጅ አንድ በአንድ ሲመረምሩ ጣቶቹን የጨረሳቸው በሽታው በቀጥታ እንዳልሆነ አዩ። የጋለ ምጣድ በባዶ እጅ ማንሣት፣ የቆሰለ ጣት ይዞ መሥራት፣ ጫማ ውስጥ ባለ ምስማር ቀኑን ሙሉ መሄድ ነበር የጨረሳቸው። ዛሬ ሥጋ ደዌ ከ1981 ጀምሮ በሚሰጠው የተቀናጀ መድኃኒት ይድናል። አንዴ የሞተ ነርቭ ግን በመድኃኒቱ አይነሣም፣ ስለዚህ ከዳኑም በኋላ እግርን መጠበቅ የዕድሜ ልክ ሥራ ነው።

ያለ ሕመም የተወለዱም አሉ። በ2006 ተመራማሪዎች በሰሜን ፓኪስታን ሕመም የማያውቁ ልጆች ያሉባቸውን ቤተሰቦች መርምረው ጉድለቱን አንድ ጂን ላይ አገኙት፤ ያ ጂን የሚሠራው የሶዲየም በር ካልሠራ የሕመም ምት አይነሣም። ጥናቱ የተጀመረው በአንድ ልጅ ምክንያት ነበር። ልጁ ክንዱን በቢላዋ እየወጋ፣ ፍም ላይ እየተራመደ ለመንገደኛ ያሳይ ነበር። ከጣሪያ ዘሎ 14 ዓመት ሳይሞላው ሞተ።

ይህን ስል ሕመም ሁሉ በረከት ነው ማለቴ አይደለም። የአክስቴ የሌሊት ልብለባ ምንም የሚጠብቀው ነገር የለም፤ መታከም ያለበት ስቃይ ነው። ወገቡ ለዓመታት የሚቆርጠውን ሰው «ቻለው» ማለትም ጭካኔ ነው።

የአክስቴ ቁስል ለመዳን ወራት ፈጀ። መጀመሪያ በቤት ቅጠል ተይዞ ነበር፣ ኋላ ደብረ ብርሃን ሄዳ በየጊዜው እየተጠረገ ሞላላት። ጣቷ ተርፋለች። አሁን የምታደርጋቸው ነገሮች ቀላል ናቸው። ምድጃው ዳር ስትቀመጥ እግሯን ወደ ኋላ ሰብስባ በወፍራም ካልሲ ትሸፍናለች። የእግር ውኃ ሙቀትን በክርኗ ነው የምትለካው። ጫማ ከማጥለቋ በፊት እጇን ከትታ ውስጡን ትዳስሳለች፤ ጠጠር ካለ እነዚያ የክር ጓል የሚያገኙት ጣቶች ያገኙታል። ማታ ደግሞ የልጅ ልጇ የእግሯን መዳፍና በጣቶቿ መካከል ያለውን በባትሪ እያበራ ያያል።

ለምርመራውም ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። እንግሊዝ አገር፣ ኢፕስዊች ውስጥ ሐኪሞች ያወጡት ፍተሻ የሚሠራው በጣት ብቻ ነው። ሰውየው እግሩን ዘርግቶ ዓይኑን ይጨፍናል። መርማሪው በአመልካች ጣቱ ጫፍ የሰውየውን እግር አውራ ጣት፣ መካከለኛ ጣትና ትንሽ ጣት ጫፍ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ በስሱ ይነካል፤ መጫን፣ መደባበስ፣ መኮርኮር የለበትም። ሁለቱም እግር ሲደመር 6 ቦታ ነው። የተነካው ሰው ሲሰማው «ቀኝ» ወይም «ግራ» ይላል። 2 ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማው እግሩ አደጋ ላይ ነውና ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። አክስቴ ከ6ቱ የለየችው አንዱን ብቻ ነው።

የአክስቴ ልጅ ይህን ፍተሻ ተምሮ አንድ እሑድ ቡና ከተጠጣ በኋላ ጎረቤቶቹን አስቀምጦ በየተራ ነካካቸው። አብዛኞቹ እየሳቁ ቀኝ ግራ አሉ። አንድ አዛውንት ግን ዓይናቸውን ጨፍነው «ጀምር እንጂ፣ ልጄ» አሉት። ጨርሶ ነበር። ስኳር እንዳለባቸው አያውቁም፤ እግራቸውም አሟቸው አያውቅም። በገበያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄደው ደማቸው ሲለካ ስኳራቸው ከፍ ብሎ ተገኘ፤ አሁን ከአክስቴ ጋር በአንድ ቀን ቀጠሮ ይሄዳሉ።